ያለ ትርፍ የማይተነተን ሒሳብ፤ ከእንጦጦ ስምንት ማዕዘን እስከ ባቢሎን ሸክላ

(በሬዲዮ ከተነገሩት ንግግሮች)



ወር በገባ በ16ኛው ቀን ማለዳ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ ዕለቱ የኪዳነ ምሕረት መታሰቢያ መሆኑን ማንንም ሳይጠይቅ ያውቃል። ነጠላቸውን አጣፍተው የሚሄዱ እናቶች፣ ለጠበል የሚወጡ ሕሙማን፣ እነርሱንም ደግፈው የሚያወጡ ዘመዶች መንገዱን ይሞሉታል። እኔም በቅርቡ በዚሁ ቀን የእኅቴን ልጅ አስከትዬ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረትን ለመሳለም ወጥቼ ነበር። ልጅቱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከቅዳሴ በኋላ በዛፍ ጥላ ሥር ዐረፍ ስንል ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣችና «ጋሼ፣ ይህን ቢያዩልኝ» ብላ አንድ ገጽ ዘረጋችልኝ።

በገጹ ላይ አሥር የሒሳብ ሐረጎች ተጽፈዋል። ዘጠኙ በትክክል ተሠርተው ምልክት ተደርጎባቸዋል። በአሥረኛው ፊት ለፊት ግን ልጅቱ «አይተነተንም» ብላ ጽፋ፣ መምህሩ በቀይ ቀለም ሰርዞታል። ለምን እንደ ተሰረዘ የሚገልጽ አንድም ቃል አልተጻፈም። «ሌሎቹ ሁሉ እኮ እሺ ይላሉ፤ እኔ ነኝ የማልችለው» አለችኝ። ይህ «እኔ ነኝ የማልችለው» የሚለው ቃል ብዙ ልጆችን ከሒሳብ ያስወጣ ቃል ስለ ሆነ፣ የዚያን ዕለት የተነጋገርነውን ለአድማጮቼም ላካፍል አሰብሁ። ነገሩ ከአንድ ተማሪ ደብተር የሚሰፋ፣ አራት ሺሕ ዓመት ያህል የቆየ ታሪክ ያለው ነውና።

ከትምህርት ቤት ከወጣን ብዙ ዘመን ለሆነን ሰዎች በመጀመሪያ ነገሩን ላስታውስ። ያልታወቀው ቁጥር «ሀ» ይባል። ሀ በራሱ ሲባዛ ሀ² ተብሎ ይጻፋል፤ የአማርኛ የሒሳብ መጻሕፍት ይህን ዳግም ርቢ ይሉታል። መተንተን ማለት ደግሞ ተባዝቶና ተደምሮ አንድ የሆነውን ሐረግ፣ ተባዝተው ወዳስገኙት ሁለት ወገኖች መመለስ ነው። ለምሳሌ ሀ² − 5ሀ + 6 የሚል ሐረግ ቢሰጠን፣ ሲባዙ 6፣ ሲደመሩ 5 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮችን እንፈልጋለን። እነርሱም 2 እና 3 ናቸው። ስለዚህ ሐረጉ (ሀ − 2) በ(ሀ − 3) ተባዝቶ የተገኘ ነው ማለት ነው።

ይህ ሥራ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን አንድ ያልተነገረ ምሥጢር አለበት። የመጽሐፉ ደራሲ አስቀድሞ 2ንና 3ን በልቡ ይዞ፣ አባዝቶ ከደበቃቸው በኋላ ነው ተማሪውን «ፈልግ» የሚለው። ተማሪው የሚያገኘው የተደበቀለትን ነው። ማንም ሳይደብቅ ከመሬት፣ ከግንብና ከሰማይ የሚመጣው ሐረግ ግን እንዲህ እሺ አይልም። የእኅቴ ልጅ አሥረኛ ጥያቄ እንዲህ ነበር፤ ሀ² − 2ሀ − 1። እዚህ ላይ የሚፈለጉት ሁለት ቁጥሮች ሲባዙ −1፣ ሲደመሩ 2 መሆን አለባቸው። ከሙሉ ቁጥሮች መካከል ተባዝተው −1 የሚሰጡት 1 እና −1 ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ሲደመሩ ዜሮ ይሆናሉ እንጂ 2 አይሆኑም። ልጅቱ እስከዚህ ድረስ መርምራ ነው «አይተነተንም» ያለችው። በደንብ መርምራለች ለማለት እደፍራለሁ።

እንግዲህ መልሱን በቃል ከመንገር ይልቅ፣ ተነሥተን መንገዳችንን ወደ እንጦጦ ማርያም አቀናን። ያ ሐረግ በዚያ በግንብ ተሠርቶ ቆሟልና።

እንጦጦ ማርያም በስምንት ማዕዘን የታነጸች ቤተ ክርስቲያን ናት። ዐፄ ምኒልክ፣ ከተማቸው ገና በእንጦጦ ሳለ ያሠሯት ስትሆን፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት በእርሷ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ በከተማው መካከል የተሠራው የመናገሻ ቅዱስ ጊዮርጊስም እንዲሁ ስምንት ማዕዘን ነው፤ በእርሱም ንግሥት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ጭነዋል። ከምኒልክ ጀምሮ ዘውድ የጫኑት ሦስቱም የኢትዮጵያ ነገሥታት በስምንት ማዕዘን ጣራ ሥር እንደ ነገሡ ልብ የሚል ሰው ጥቂት ይመስለኛል።

አሁን አንድ ግንበኛ ስምንት ማዕዘን ሊቀይስ ቢነሣ ምን ያደርጋል? በመጀመሪያ አራት ማዕዘን ይቀይሳል። ከዚያም አራቱን ጠርዞች እኩል እኩል ይቈርጣል። ጥያቄው ከየጠርዙ ምን ያህል ቢቈረጥ ነው ስምንቱም ጐኖች እኩል የሚሆኑት የሚለው ነው። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ይህን በስሌት ሳይሆን በገመድ ያገኘዋል። ገመዱን ከአራት ማዕዘኑ አንድ ጠርዝ እስከ መካከሉ ድረስ ዘርግቶ ይይዝና፣ በዚያው ልክ ከእያንዳንዱ ጠርዝ ተነሥቶ በግራና በቀኝ ጐኖች ላይ ምልክት ያደርጋል። ስምንት ምልክቶች ያገኛል፤ ምልክቶቹን ሲያገናኝ ስምንት ማዕዘኑ ተሠራ። ገመዱ አልተሳሳተም፤ ቁጥርም አልተጠራም።

ቁጥር የተጠራ እንደ ሆነ ግን ችግሩ ብቅ ይላል። የስምንት ማዕዘኑ አንድ ጐን 1 ይሁን፤ ከግድግዳ እስከ ትይዩው ግድግዳ ያለው ወርድ ደግሞ ሀ ይባል። ወርዱ ከአንድ ጐንና ከሁለት የተቈረጡ ጠርዞች የተሠራ ስለ ሆነ፣ ከሀ ላይ 1 ሲነሣ የሚቀረው የሁለቱ ቍራጮች ድምር ነው። የተቈረጠው ጠርዝ ሁለት እኩል እግሮች ያሉት ሦስት ማዕዘን ነው፤ የተቈረጠበት መሥመር ደግሞ የስምንት ማዕዘኑ ጐን፣ ማለት 1 ነው። በፓይታጎራስ ሕግ መሠረት ሁለቱ እግሮች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ 1 ይሆናሉ። ይህን አስተካክለን ስንጽፈው (ሀ − 1) በራሱ ሲባዛ 2 ይሆናል የሚል ቃል እናገኛለን። ቅንፉን ብንዘረጋውና 2ቱን ብናሻግረው ሀ² − 2ሀ − 1 ዜሮ ነው ማለት ነው። ልጅቱ ደብተሯን ገልጣ ሁለቱን አስተያየችና «ይኸው የእኔው ነው!» አለች።

አዎን፣ የእርሷው ነው። «አይተነተንም» ብለን ብንተወው ስምንት ማዕዘኑ አልቆመም ማለት ይሆንብናል፤ እርሱ ግን ቆሞ እናየዋለን።

መፍትሔውን ለማግኘት ወደ ባግዳድ እንሻገር። በኸሊፋው አል ማሙን ዘመን፣ ማለት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ813 እስከ 833 ባለው ጊዜ፣ ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል ኽዋሪዝሚ የተባለ ሊቅ ስለ አል ጀብርና አል ሙቃበላ አንድ መጽሐፍ ጻፈ። የዛሬው «አልጀብራ» የሚለው ስም የወጣው ከዚሁ ነው። «ጀብር» የተሰበረን መጠገን ማለት ነው፤ ስለዚህም በእስፓንያ አገር አልጀብሪስታ የሚባለው ሰው የሒሳብ ሊቅ ሳይሆን አጥንት የሚያቃና ወጌሻ ነበር። ይህን ስነግራት ልጅቱ ሳቀች። እኔ ግን ስሙ ልክ ነው ባይ ነኝ፤ የምንሠራው ሥራ የወጌሻ ሥራ ነውና።

አል ኽዋሪዝሚ ከሰጣቸው ምሳሌዎች የታወቀው ይህ ነው፤ አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ፣ የዚያው ቁጥር አሥር እጥፍ ሲጨመርበት 39 ይሆናል፤ ቁጥሩ ስንት ነው? ሊቁ በፊደል አልጻፈውም፤ በቃል ተናገረ፣ በሥዕልም አሳየ። ጐኑ ሀ የሆነ አራት ማዕዘን ሣል። አሥሩን እጥፍ ለሁለት ክፈልና ወርዳቸው 5፣ 5 የሆኑ ሁለት ቁራጮች በሁለቱ ጐኖች ላይ ለጥፍ። እስካሁን ያለህ ስፋት 39 ነው። ነገር ግን በጠርዙ አንድ ክፍት ቦታ ቀርቷል፤ ያም 5 በ5፣ ማለት 25 ነው። እርሱን ሙላው፤ 39 እና 25፣ 64 ይሆናል። የ64 አራት ማዕዘን ጐኑ 8 ነው፤ ከ8 ላይ 5 ስታነሣ 3 ይቀራል። ቁጥሩ 3 ነው። የጐደለችውን ጠርዝ መሙላት ማለት ይህ ነው፤ የተሰበረው ተጠገነ።

አሁን በዚሁ መንገድ ወደ እንጦጦ እንመለስ። ሀ² − 2ሀ የሚለው ሙሉ አራት ማዕዘን ለመሆን 1 ይጎድለዋል። 1 እንጨምርለት፤ የጨመርነውንም እንዳንሰርቅ መልሰን እንቀንስ። ሐረጉ ሀ² − 2ሀ + 1 − 2 ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ (ሀ − 1) በራሱ የተባዛው ናቸው፤ ከእርሱ ላይ 2 ይቀነሳል። 2 ደግሞ የአንድ ቁጥር ዳግም ርቢ ቢሆን ኖሮ የሁለት ዳግም ርቢዎች ልዩነት ይሆንልን ነበር፤ ያም ሁልጊዜ ይተነተናል። እንግዲህ 2 የማን ዳግም ርቢ ነው? የ1 ነው እንዳንል 1 ነው፤ የ2 ነው እንዳንል 4 ነው። በመካከል የሆነ፣ በራሱ ሲባዛ 2 የሚሆን ቁጥር ያስፈልገናል። እርሱን «የ2 ዳግም ዘር» ብለን ብንቀበለው፣ ሐረጉ (ሀ − 1 − የ2 ዳግም ዘር) በ(ሀ − 1 + የ2 ዳግም ዘር) ተባዝቶ የተገኘ ሆኖ ይተነተናል። የስምንት ማዕዘኑም ወርድ የጐኑ 1 ከነ የ2 ዳግም ዘር እጥፍ ነው።

ልጅቱ ስልኳን አውጥታ አሰላች። ስልኩም 2.41421356 ብሎ የመስታወቱ ስፋት ሲያልቅበት ቆመ። «አለቀ» አለች። «አላለቀም፤ ቦታው ነው ያለቀው» አልኋት።

ለምን እንደማያልቅ የጥንት ግሪኮች ያሳዩበትን መንገድ በሬዲዮም ቢሆን መናገር ይቻላል። የአራት ማዕዘን ጐንና ከጠርዝ ወደ ጠርዝ የሚያቋርጠው መሥመር ሁለቱም በሙሉ ቁጥር የሚለኩ ናቸው እንበል። ሁለቱም ተጋማሽ ከሆኑ ሁለቱንም እናጋምስ፤ ቢያንስ አንዱ ጎዶሎ እስኪሆን ድረስ እንቀጥል። የመሥመሩ ዳግም ርቢ የጐኑ ዳግም ርቢ እጥፍ ስለ ሆነ መሥመሩ ተጋማሽ መሆን አለበት። ተጋማሽ ቁጥር በራሱ ሲባዛ ለ4 የሚካፈል ይሆናል፤ ግማሹም እንደ ገና ተጋማሽ ነው። ያ ግማሽ የጐኑ ዳግም ርቢ ነውና ጐኑም ተጋማሽ ሆነ። አንዱ ጎዶሎ ነው ብለን ነበር፤ አሁን ሁለቱም ተጋማሽ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ የተነሣንበት ሐሳብ ሐሰት ነው፤ እንዲህ ያሉ ሁለት ሙሉ ቁጥሮች የሉም። ይህን ምሥጢር ያወጣው ሰው በባሕር ሰጥሞ ሞተ የሚል አፈ ታሪክ ከጥንት ጀምሮ ይነገራል። እውነት ይሁን አይሁን፣ ነገሩ ሰዎቹን ምን ያህል እንዳስደነገጣቸው ይመሰክራል።

ድንጋጤው በስሙም ላይ ቀርቷል። ግሪኮች እንዲህ ያለውን ቁጥር «የማይነገር» አሉት። ዐረቦች «አሰም»፣ ማለት ደንቆሮ ብለው ጠሩት፤ የላቲን ተርጓሚዎችም ይህንኑ ቃል በቃል ወሰዱት። የእኛ የመማሪያ መጻሕፍት ደግሞ በግእዝ ቃል ኢነቢብ፣ ማለት የማይናገር ብለውታል። አንዱ መስማት፣ ሌላው መናገር ተከለከለ ማለት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ቁጥሩ ዲዳም ደንቆሮም አይደለም፤ እኛ በሙሉ ቁጥር ቋንቋ ብቻ እናነጋግረው ስለ ነበር ነው።

ደግሞም ከግሪኮች እጅግ አስቀድሞ የባቢሎን ሰዎች ሳይደነግጡ ይሠሩበት ነበር። በአሜሪካ አገር በዬል ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1800 እስከ 1600 ባለው ዘመን የተጻፈ አንድ ትንሽ የሸክላ ጽላት አለ። በእርሱ ላይ አራት ማዕዘን ተሥሎ፣ በሚያቋርጠው መሥመር ላይ የ2 ዳግም ዘር በስድሳ ቤት ቁጥር ተጽፏል። ወደ እኛ ቁጥር ሲመለስ 1.414213 ገደማ ነው፤ ከእውነተኛው የሚለየው በሚሊዮን ክፍል ከአንድ ባነሰ ነው። ይህን ያደረገው ምናልባት የጽሕፈት ትምህርት ቤት ተማሪ ነው ይባላል። በሕንድ አገርም የመሥዋዕት ቦታ በገመድ የሚቀይሱት ካህናት በዚህ ልክ የሚደነቅ ስሌት ነበራቸው፤ 577ን ለ408 አካፍለው ይጠቀሙበት ነበር።

ለእኛ ለጐረቤቶቹ ይበልጥ የሚቀርበን ሰው ግን አቡ ካሚል የተባለው ግብፃዊ ነው። ከ850 እስከ 930 ገደማ የኖረ ሲሆን፣ የአል ኽዋሪዝሚን መንገድ ተቀብሎ አል ኽዋሪዝሚ እምብዛም ያልደፈረውን ደፈረ። «ደንቆሮ» የተባሉትን ቁጥሮች እንደ ማንኛውም ቁጥር አባዛቸው፣ ደመራቸው፣ ለጥያቄም መልስ አድርጎ ተቀበላቸው። ስለ አምስት ማዕዘንና ስለ አሥር ማዕዘን የጻፈው ሥራ በእነዚህ ቁጥሮች የተሞላ ነው። የእኅቴ ልጅ ሐረግ እንዲተነተን በሩን የከፈተው እንዲህ ያለው ድፍረት ነው። ሐረጉ የሚተነተን ወይም የማይተነተን በራሱ አይደለም፤ «በየትኞቹ ቁጥሮች?» ብለን ስንጠይቅ ብቻ ነው መልስ የሚኖረው። በሙሉ ቁጥሮች ከሆነ ልጅቱ ልክ ናት። ኢነቢብ ቁጥሮች ከተፈቀዱ መምህሩ ልክ ነው። በቀይ ቀለሙ ሥር መጻፍ የነበረበት ይህ ነበር።

ከግብፅ ወደ አገራችን በሒሳብ በኩል የመጣው ትልቅ ሀብት የዘመን አቈጣጠር ነው። ግብፃዊው ኢብን አል ራሂብ በ1257 የጻፈው መጽሐፍ በእኛ ዘንድ አቡ ሻክር ተብሎ በግእዝ ይታወቃል፤ ትርጕሙንም ብዙዎች ለእጨጌ ዕንባቆም ይሰጡታል። ባሕረ ሐሳብን የተማሩ አድማጮቼ፣ በዚህ ትምህርት ዋናው ነገር ድርሻው ሳይሆን ትርፉ መሆኑን ያውቃሉ። ለምሳሌ 2017 ዓመተ ምሕረትን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል። ይህ በ19 ሲገደፍ ድርሻው 395 ነው፤ ድርሻውን ማንም አይፈልገውም። የተረፈው 12 ነው የሚፈለገው። ከ12 ላይ አንዱ ተነሥቶ ወንበሩ 11 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 121፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1 ነው። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ 209፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ሆኑ፤ ስሌቱ ልክ ነው። ከዚህም የነነዌ ጾም የካቲት 3፣ ፋሲካም ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ።

የ11ና የ19 አመጣጥም በትርፍ ነው የሚነገረው። በትውፊቱ እንደሚባለው ድሜጥሮስ ዘእስክንድርያ አንዱን 23 ሱባኤ፣ ሌላውን 7 ሱባኤ ገባ። 23 በ7 ተባዝቶ 161፤ በ30 ሲገደፍ 11 ተረፈ። 7 በ7 ተባዝቶ 49፤ በ30 ሲገደፍ 19 ተረፈ። ሊቃውንቱ ለትርፉ ስም ሰጡት፣ በስሙም አጽዋማትንና በዓላትን አቆሙበት። የጨረቃና የፀሐይ ዑደት ራሱ እኮ ያለ ትርፍ አይገናኝም። 19 የፀሐይ ዓመትና 235 የጨረቃ ወር እኩል ናቸው እንላለን፤ ነገር ግን ሁለት ሰዓት ያህል ይለያያሉ። ዛሬ በእንጦጦ ተራራ ላይ በቆሙት ሁለት የከዋክብት መመልከቻ መነጽሮች የሚመራመሩ ወጣቶች ይህችን ሁለት ሰዓት በሰከንድ ያውቋታል። መርጌቶቹ ከዚያው ተራራ ሥር አስልተው ያዋሏት ጨረቃም ያችው ናት።

አሁን «አይሆንም» የተባለው ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ጥቂት ልናገር። አል ኽዋሪዝሚ 10ን ለሁለት ክፈልና ሁለቱን ስታባዛ 21 ይሁን ወደሚል ሐሳብ የሚመለስ ጥያቄ አለው፤ መልሱ 3 እና 7 ነው። የግማሹ፣ ማለት የ5 ዳግም ርቢ ከተፈለገው ብዜት ቢያንስ ግን ጥያቄው ከንቱ ነው ብሎ አለፈው። ሰባት መቶ ዓመት ቈይቶ፣ በ1545 ጣልያናዊው ጂሮላሞ ካርዳኖ 10ን ለሁለት ክፍሎ ብዜቱን 40 ማድረግ ፈለገ። የ5 ዳግም ርቢ 25 ነው፤ 15 ጎደለ። እርሱም የጐደለውን 15 ዳግም ዘር እንዳለው አድርጎ አሰላ፤ ብዜቱም በእርግጥ 40 መጣለት። ነገሩ ለራሱም ረቂቅና የማይጠቅም መሰለው። ዛሬ ግን የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ያለ እነዚህ ቁጥሮች ሥራውን አይሠራም። ይህን ግን ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በዚያ ቀን አልነገርኋትም፤ ለአንድ ቀን አንድ በር መክፈት ይበቃል።

ይልቅስ እርሷ የጠየቀችኝ ሌላ ነበር። «ጋሼ፣ ግንበኛው ገመድ ባይኖረውና በክንድ ብቻ ቢለካ ምን ያደርጋል?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ቴዎን ዘሰምርኔስ ለዚህ መንገድ ጽፏል። ጐን 1፣ መሥመር 1 ብለህ ጀምር። ሁለቱን ስትደምር አዲሱን ጐን ታገኛለህ፤ ጐኑን ሁለት ጊዜ ወስደህ መሥመሩን ስትጨምርበት አዲሱን መሥመር ታገኛለህ። እንዲህ እያሉ 2 እና 3፣ 5 እና 7፣ 12 እና 17፣ 29 እና 41 ይመጣሉ። የ5 ዳግም ርቢ እጥፍ 50፣ የ7 ደግሞ 49 ነው፤ በአንድ አነሰ። የ12 እጥፍ 288፣ የ17 ደግሞ 289 ነው፤ በአንድ በለጠ። ቁጥሮቹ ምንም ያህል ቢያድጉ ያች አንዲት ትርፍ አንድ ጊዜ ከዚህ፣ አንድ ጊዜ ከዚያ ሆና ትቀራለች፤ አትጠፋም። ከጐኖቹ ተርታ ደግሞ ስምንት ማዕዘናችን ይወጣል፤ ወርዱ 12 ከሆነ ጐኑ 5 ገደማ፣ ወርዱ 29 ከሆነ ጐኑ 12 ገደማ ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ወጣ ብለን ደረቅና ሜዳ ቦታ መረጥን። ጧፍ የታሰረበትን ሲባጎ ቀጣጥለን ገመድ አደረግነው። ልጅቱ በራሷ ጫማ እየለካች ጐኑ 24 ጫማ የሆነ አራት ማዕዘን በእንጨት አሠመረች፤ ከጠርዝ እስከ መካከል ሲባጎውን ዘርግታ ይዛ ስምንቱን ምልክቶች አደረገች። ከዚያ አንዱን ጐን በጫማዋ ለካችው። በስሌቱ መሠረት 10 መሆን ነበረበት። ዘጠኝ ከቈጠረች በኋላ አሥረኛው ጫማ ምልክቱን በጣት ወርድ ያህል አልፎ ወጣ። አጠገባችን ቆመው የሚያዩ አንዲት አሮጊት «ምን ጠፋባችሁ ልጆቼ?» ብለው ጠየቁን።

ደመና መጥቶ ስለ ነበር 29ኙን በመሬት ላይ ለመቀየስ ጊዜ አላገኘንም፤ ወደ ሽሮ ሜዳ ወረድን። ማታ ግን ከቤቷ በስልክ መልእክት ላከችልኝ። ጫማዋ 24 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ወርዱ 29 ጫማ ቢሆን ጐኑ 12 ጫማ ከ3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል ትላለች። ከሥሩም አሥረኛውን ጥያቄ በሁለት ቅንፍ ጽፋው ነበር።